የኳንተም ዶት ጌቶችን ማስተካከል፦ ስሎፑ አልረጋ ሲል

ባሕር ዳር ሆኜ በላፕቶፕ የምሠራው ከሩቅ ላብራቶሪ በሚመጣ የሲሊከን ድርብ ኳንተም ዶት (ጥቂት ኤሌክትሮኖችን የሚይዙ ሁለት ጎረቤት ሚጢጢ ጉድጓዶች) መረጃ ላይ ነው። ችግሩ ይሄ ነበር፦ የአንዱን ዶት ጌት (ዶቱን በቮልቴጅ የሚቆጣጠር ኤሌክትሮድ) ቮልቴጅ ሲነኩት የሌላኛውም ይናጋል። ታንኳ ላይ አንዱ ሲነሳ ሌላው እንደሚናወጠው ማለት ነው። ለዚህ የሁለቱ ጌቶች ቮልቴጅ በተሳለበት ምስል ላይ የሽግግር መስመሮቹን (ኤሌክትሮን ወደ ዶት የሚገባባቸውን ወይም የሚወጣባቸውን) ስሎፕ፣ ማለትም ተዳፋት፣ ለክቶ ምናባዊ ጌት (አንድ ዶት ብቻ እንዲነካ የተቀመረ የጌቶች ድምር) መሥራት የታወቀ ነው። የእኔ ኮድ ግን በየልኬቱ የተለያየ ስሎፕ ያወጣል።

ምስሉ ውስጥ ቀጥ ያሉ መስመሮችን የሚፈልገውን የሃፍ ትራንስፎርም መቁረጫ (መስመር ብሎ ለመቀበል የሚጠይቀውን ዝቅተኛ ነጥብ) ከፍ ዝቅ አደረግኩት፤ ወይ ፍንክች። ምስሉን አለሰለስኩት፤ ጭራሽ ቀጫጭኖቹ መስመሮች ጠፉ።

ነገሩ የገባኝ ከምስሉ አንዲት ረድፍ ብቻ ነጥዬ ስስል ነው። በዶቶቹ ውስጥ ያለውን ቻርጅ የሚለካው የሴንሰር ሲግናል ከዳር እስከ ዳር ሽቅብ ይወጣል። የኤሌክትሮኑ ሽግግር እዚያ ላይ ያለች ሚጢጢ እርከን ናት። ጌቶቹ ሴንሰሩንም በቀጥታ ይነኩታላ!

ስለዚህ በሳይፓይ (የፓይተን ላይብረሪ) ጋውሲያን ፊልተር፣ ሰፋ ያለ ሲግማ (የማለስለሻ ስፋት) ሰጥቼ፣ ጀርባውን፣ ማለትም ያንን ሽቅብ መውጣት፣ ብቻ አወጣሁና ከዋናው ቀነስኩት። ቀጥሎ በነምፓይ፣ በሌላው የፓይተን ላይብረሪ፣ ግራዲየንቱን (ሲግናሉ ከነጥብ ነጥብ የሚለወጥበትን መጠን) አሰላሁ። መስመሮቹ ወለል ብለው ታዩ።

አንደኛው ጌት አግድም፣ ሁለተኛው ሽቅብ ከተሳለ፣ ከጌት ቮልቴጆች ወደ ምናባዊ ጌቶች የሚወስደው 2 በ 2 ማትሪክስ ዲያጎናል 1 ነው። ከላይ በቀኝ የአንደኛው ዶት ስሎፕ ግልባጭ (1 ሲካፈል ለስሎፑ) በኔጌቲቭ ይገባል፤ ከታች በግራ የሁለተኛው ስሎፕ በኔጌቲቭ። ለጌቶቹ የሚላከው ቮልቴጅ ግን የሚሰላው በማትሪክሱ ኢንቨርስ ነው። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ፤ ማትሪክሱ ራሱ ከገባ ማዘንበሉ ይብሳል።

አሁን መስመሮቹ ቀጥ ብለዋል። ከተለካበት ነጥብ በጣም ከራቃችሁ በጌቶቹና በዶቶቹ መካከል ያለው ካፓሲታንስ (የኤሌክትሪክ ትስስር) ስለሚለወጥ፣ እዚያው እንደገና ለኩ።