መስኮት ሥር ያደገ ችግኝ ደጅ ሲወጣ ለምን ይነጣል?

የቲማቲም ወይም የቃሪያ ችግኝ መስኮት ሥር አፈላችሁ። ደህና ሲያድግላችሁ በረንዳ ላይ አወጣችሁት። በሁለተኛው ቀን ቅጠሉ ነጣ ነጣ ብሎ እንደ ወረቀት ደረቀ። በሽታ ነው ብላችሁ መድኃኒት ለመርጨት አትሩጡ። መጀመሪያ የተመታው የቱ ጋ እንደሆነ እዩ። ፀሐይ ፊት ለፊት የሚያገኘው ቦታ ብቻ ነጥቶ፣ ሌላ ቅጠል ያጠላበት አረንጓዴ ከሆነ፣ ያቃጠለው ፀሐይ ነው።

ምክንያቱ፦ የመስኮት መስታወት ብርሃኑን ያሳልፋል፤ ዩቪ-ቢ የሚባለውን፣ የሞገድ ርዝመቱ ከ280 እስከ 315 ናኖሜትር የሆነውን በዓይን የማይታይ የፀሐይ ጨረር ግን አብዛኛውን ያስቀረዋል። ተክል ይህን ጨረር የሚያውቅበት ዩቪአር8 የሚባል ፕሮቲን አለው። ጨረሩን የሚቀበለው እሱ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ጨረር ካልነካው ሁለት ሁለት ሆኖ ተጣምሮ ይቀመጣል፤ ዩቪ-ቢ ሲያርፍበት ይላቀቅና ከሌላ ፕሮቲን ጋር ተያይዞ መከላከያ የሚያሠሩትን ጂኖች ያስነሳል። ያኔ ፍላቮኖይድ የሚባሉ ውህዶች በቅጠሉ ላይኛ ሽፋን ይከማቹና ጨረሩን ውጠው ያስቀሩታል። ግንዱም መለል ማለቱን ትቶ ይጠነክራል። ይሄ ሁሉ በአንድ ፕሮቲን መላቀቅ መጀመሩ ሁሌም ይገርመኛል።

መስኮት ሥር ያለው ችግኝ ግን ምንም አልተዘጋጀም። እንዲህ እንዳለ አዲስ አበባን በመሰለ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነና ጨረሩ ከቆላው በሚበረታበት ቦታ ቀትር ላይ ብድግ አድርጋችሁ ስታወጡት፣ ሙቀቱና ነፋሱም ተጨምሮበት፣ አይችለውም።

መፍትሄው ማላመድ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አውጡት፣ 3 ሰዓት ላይ አስገቡት። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨምሩለት። ከ4 እስከ 9 ሰዓት ያለውን ፀሐይ መጨረሻ ላይ ነው የምታሳዩት። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይፈጃል። ደመና ነው ብላችሁ አትዘናጉ፣ ጨረሩ በደመናም ያልፋል። የነጣው ቦታ አይመለስም፣ ግን ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ካለው አትቁረጡት፣ እየሠራ ነው። አዲስ የሚወጣው ቅጠል ደህና ከሆነ ችግኙ ተርፏል።

ቀዩ ሰላጣ ቤት ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ ደግሞ ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ ጨረር አጥቶ ነው፣ አላምዳችሁ አውጡት። ቅጠል ሐምራዊ ሲሆን ግን ቶሎ በፀሐይ አታሳቡ። የታችኞቹ ቅጠሎች ብቻ ከሆኑና ተክሉም ከቀጨጨ የፎስፈረስ እጥረት ወይም ብርድ ሊሆን ይችላል።

ጀርም መግደያ የዩቪ አምፖል ገዝታችሁ ችግኝ ላይ እንዳታበሩ፣ አደራ። እሱ የሚያወጣው ዩቪ-ሲ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ጨረር ነው፤ ቅጠሉን ይገድላል፣ የእናንተንም ዓይንና ቆዳ ይጎዳል።