የጨው ሜዳ ፓኖራማ አልገጣጠም ሲል

ከዳናኪል የሚመለስ ፎቶ አንሺ ሁሉ ለፓኖራማ ያነሳቸው ፍሬሞች ይኖሩታል፤ ጎን ለጎን ተነስተው አንድ ሰፊ ፎቶ እንዲሆኑ የሚገጣጠሙ ፎቶዎች ማለት ነው። ካልገጣጠሙለት ወደ እኔ ይልካቸዋል። "ሶፍትዌሩ እምቢ አለኝ፣ እስቲ እየው" ይላል። ሶፍትዌሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋት የለበትም። አሳሌ፣ የዳናኪሉ የጨው ሜዳ ላይ፣ የተበላሸ ፓኖራማ አዲስ አበባ ገብቶ አይድንም፤ ቢድንም ጠባሳው ይቀራል። ስለዚህ ከዚህ በታች የማወራው በአብዛኛው እዚያው ሜዳው ላይ ስለሚደረግ ነገር ነው። ፍሬሞቹን ቢያንስ በአንድ ሦስተኛ ማደራረብ፣ ካሜራውን በቁም መያዝ፣ ፎከሱን መቆለፍ የመሳሰሉትን እንደምታውቁ ቆጥሬ ነው የምጽፈው።

እግር ስር ያለው የጨው መስመር ሲሰበር

ደጋግሞ የሚመጣብኝ ይኼ ነው። ተራራው በትክክል ገጥሟል፣ ሰማዩም ንጹሕ ነው። ወደ ታች ስትወርዱ ግን መሬቱ ተቆራርጧል። አሳሌን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ጨዉ ሲደርቅ ሜዳው ባለ ብዙ ጎን ሆኖ ይከፋፈላል፣ በየክፍሉ ጠርዝ ላይም ትንሽ የጨው ሸንተረር ብቅ ይላል። ያ ሸንተረር ከግራ መጥቶ መጋጠሚያው ላይ ሲደርስ ድንገት ይጠፋል። ከዚያ ጣት በምታህል ዝቅ ብሎ ይቀጥላል። አንዳንዴም አንዱ ሸንተረር ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ደማቅ፣ አንዱ የደበዘዘ። መሬቱ ሣር ወይም ጠጠር ቢሆን ማንም አያስተውለውም ነበር። ነጭ ሜዳ ላይ ያለ መስመር ግን ምንም አይደብቅም።

ምክንያቱ ፓራላክስ ነው። አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑና አውራ ጣታችሁን ፊታችሁ አቁሙ። ጭንቅላታችሁን ወደ ጎን ስታንቀሳቅሱ ጣታችሁ ከኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ይሸሻል። ካሜራም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። በእጁ ይዞ የሚያነሳ ሰው የሚዞረው በራሱ ወገብ ነው። ሌንሱ ደግሞ ከወገቡ 30 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ፊት ወጥቷል። ሰውየው 30 ዲግሪ ሲዞር ሌንሱ ወደ 15 ሴንቲሜትር ቦታ ይለቃል። ለሩቁ ተራራ 15 ሴንቲሜትር ምንም ማለት አይደለም። ሁለት ሜትር ላይ ላለ የጨው ሸንተረር ግን ብዙ ነው። ሁለቱ ፍሬሞች ያንኑ ሸንተረር ያዩት ከተለያየ ቦታ ስለሆነ፣ ተራራውም ሸንተረሩም እኩል የሚገጥሙበት መንገድ የለም። አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይፈርሳል።

"ትራይፖድ ተጠቅሜያለሁ እኮ!" የሚለኝ አይጠፋም። ትራይፖድ ብቻውን አያድንም። ካሜራው ትራይፖዱ ላይ የሚታሰረው በሆዱ ነው። መዞር ያለበት ግን ሌንሱ ውስጥ፣ ወደ ፊት በኩል ባለ ነጥብ ላይ ነው።

አንድ ሆቴል ለእንግዳ መቀበያው ስድስት ሜትር የሚረዝም የአሳሌ ፎቶ አዘዘ። አንሺው ጎበዝ ነው፣ ካሜራውም ውድ ነው፣ ትራይፖዱም የማይነቃነቅ ነው። ኮምፒውተር ላይ ምንም አይታይም ነበር። ታትሞ ሲሰቀል ቀድማ ያየችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ "እዚህ ጋ ተቀዷል እንዴ?" አለች። ፍሬሞቹ እኔ ጋ ሲመጡ የቀረው አማራጭ ሸንተረሮቹን አንድ በአንድ በእጅ መሳል ነበር። ያ ደግሞ ፎቶ ማስተካከል አይባልም። የታችኛውን ሩብ ቆርጠን ጣልነው፤ ግድግዳውም ግማሽ ራቁቱን ቀረ።

መፍትሄው ያ ነጥብ በትራይፖዱ መዞሪያ ላይ እንዲውል ካሜራውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያንሸራትት አጭር ብረት ነው፤ ኖዳል ሬል ይሉታል። ካሜራውን በቁም የሚያስር ኤል ብራኬትም አብሮ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሌንሱ ከትራይፖዱ መሃል ወደ ጎን ይወጣል። ገበያ ላይ ያለውን ርካሽ የፕላስቲክ ሬል አትግዙ። ብሎኑ ሙቀት ላይ ይላላል፣ ላዩ ላይ የተጻፈው የልኬት ቁጥርም ሁለተኛ ቀን ላይ ይፋቃል። ቁጥሩ ከጠፋ ሬሉን የገዛችሁበት ምክንያትም አብሮ ጠፋ።

ካሜራው መዞር ያለበትን ነጥብ ከመሄዳችሁ በፊት ቤታችሁ ፈልጉት። አንድ ቀጭን ዘንግ ከካሜራው አንድ ሜትር ላይ አቁሙ። ከኋላው ሩቅ ካለ የመብራት ምሰሶ ጋር አሰልፉት። ከዚያ ካሜራውን በትራይፖዱ ላይ ወደ ቀኝ አዙሩ። ቅርቡ ዘንግ ከምሰሶው ወደ ግራ ከሸሸ፣ ካሜራውን ሬሉ ላይ ወደ ኋላ ሳቡት። ወደ ቀኝ ከሸሸ ወደ ፊት ግፉት። ግራም ቀኝም ሲዞር ሁለቱ ተጣብቀው ከቀሩ ነጥቡን አግኝታችኋል። ሬሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ዙም ሌንስ ከሆነ ምልክቱ የሚሠራው ለዚያ የሌንስ ርዝመት ብቻ ነው፤ ከ35 ወደ 50 ሚሊሜትር ከሄዳችሁ ልኬቱ እንደገና ነው። ይኼን አሳሌ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ሹፌሩ "እንሂድ" እያለ ለመሥራት አትሞክሩ።

ሬል የሌለው ሰው የግንበኛ ቱንቢ ይጠቀም። ቀልዴን አይደለም። ሌንሱ ላይ ክር እሰሩ፣ ከክሩ ጫፍ መሬት ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ዳዶ አንጠልጥሉ። መሬቱ ላይ አንድ የጨው ፍንጣሪ ምረጡ። ዳዶው ሁልጊዜ ከፍንጣሪዋ በላይ እንዲሆን እያደረጋችሁ እናንተ በካሜራው ዙሪያ ዙሩ። ካሜራው በእናንተ ዙሪያ አይዙር። ከውድ ትራይፖድ ጋር ተሳስቶ ከመዞር ይኼ በብዙ ይሻላል። ነፋስ ካለ ግን ክሩ አይቆምላችሁም።

ሌላው ዘዴ ቅርቡን መሬት መተው ነው። ፉል ፍሬም ካሜራ (ብርሃን ተቀባይ ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ) 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ በቁም ሆኖ አድማሱ መሃል ቢቀመጥ፣ በ24 ሚሊሜትር ሌንስ መሬቱ መታየት የሚጀምረው ከ2 ሜትር ነው። በ50 ሚሊሜትር ከ4 ሜትር በላይ ይሆናል። ፍሬሙ ይበዛል፣ ስብራቱ ግን ያንሳል።

አንዴ ተነስቶ ላለቀው ደግሞ፦ ሀጊን ወይም ፒቲጂዩአይ በሚባሉት የመገጣጠሚያ ሶፍትዌሮች ውስጥ ቅርቡ መሬት ላይ ያሉትን የመገጣጠሚያ ነጥቦች ሰርዙና ተራራው ብቻ ይግጠም። ከዚያ በማስክ (ከየፍሬሙ የትኛው ክፍል እንደሚታይ በሚወስነው መሸፈኛ) መጋጠሚያውን ወደ ባዶው ነጭ መሃል ውሰዱት፣ በተቻለ መጠን ሸንተረር እንዳይቆርጥ። ፍሬሞቹ በግማሽ የተደራረቡ ከሆነ ብዙ ቦታ አላችሁ። በአንድ አምስተኛ ብቻ ከሆነ እግዜር ይሁናችሁ።

ሰማዩ ላይ ጥቁር ደመና የሚመስል ነገር ሲታይ፣ ሜዳው ግራጫ ሲሆን

ደመና አይደለም፣ ሌንሱ ላይ የሚገጠመው ፖላራይዘር ፊልተር ነው። ፊልተሩ ሰማዩን በጣም የሚያጨልመው ከፀሐይ 90 ዲግሪ ላይ ነው። ፓኖራማ ሰፊ ስለሆነ አንዱ ወገን ይጠቁራል፣ ሌላው ይነጣል። አውልቁት። ሰማዩ መስመር መስመር ከሆነና ፊልተር ካልነበረ ኤክስፖዠሩ (ካሜራው የሚያስገባው የብርሃን መጠን) አውቶ ላይ ነበር ማለት ነው። ጨው ነጭ ስለሆነ ካሜራው "በዛብኝ" ብሎ ያጨልመዋል፤ ጨው የበዛበት ፍሬም ይበልጥ ይጠቁራል። ማኑዋል አድርጉ፣ በጣም ደማቁ ፍሬም ላይ ጨዉ ሳይቃጠል ነጭ ሆኖ እንዲወጣ አስተካክሉ፣ እስክትጨርሱ አትንኩት። ኋይት ባላንሱንም (የቀለም ሚዛኑን) እንዲሁ። በስልክ የምታነሱም ብትሆኑ፣ ብዙ ስልኮች ላይ ስክሪኑን ተጭኖ በመያዝ ብርሃኑን መቆለፍ ይቻላል፤ ማንም ግን አያደርገውም።

ሶፍትዌሩ የሚያገናኝ ነጥብ አጣሁ ሲል

ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ሰማያዊ የሆነ ፍሬም ሰጥታችሁት ምን ያግኝ? በየፍሬሙ የተራራው ጫፍ ይግባ። ተራራ የሌለበት አቅጣጫ ላይ መደራረቡን ወደ ግማሽ አሳድጉ። ቤት ከገባችሁ በኋላ ሸንተረሮቹ የሚገናኙበትን ማዕዘን በእጅ ምረጡ። ደመና ላይና ግመል ላይ ግን ነጥብ አታስቀምጡ፣ ሁለቱም ይሄዳሉ።

ግመሉ ሁለት ጊዜ ሲመጣ፣ ወይም ጭንቅላቱ ሲቀር

የጨው ቅፍለቱ ወደ ቀኝ እየሄደ እናንተም ወደ ቀኝ ከዞራችሁ ያንኑ ግመል ደጋግማችሁ ታነሳላችሁ። በሰልፉ መጨረሻ ሰባት ጊዜ አሞሌ የተሸከመ አንድ ግመል አይቻለሁ፤ ባለቤቱም ሰባት ቦታ ይከተለዋል። በመጀመሪያ ግመሎቹ ያሉባቸውን ፍሬሞች ቶሎ ቶሎ አንሱ፣ ቀሪውን ሜዳ ቀስ ብላችሁ ሙሉ። ከዚያ በማስክ እያንዳንዱ ግመል ከአንድ ፍሬም ብቻ እንዲመጣ አድርጉ። ጨው የሚቆርጡትን ሰዎች ደግሞ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እዚያ ያሉት ሥራ ላይ ናቸው።

አድማሱ ሲጎብጥ

ትራይፖዱ ዘሞ ነበር። ርካሽ ትራይፖድ ላይ ያለችውን የውኃ ልክ አትመኑ። ለማረም፣ ሶፍትዌሩ ውስጥ በፓኖራማው ሁለት ጫፎች ላይ አግድም መስመር ምልክት አድርጉ። ምልክቱ ጨዉ የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ይሁን፣ የተራራው ጫፍ ላይ አይደለም። በምዕራብ በኩል ያለው ተራራ ከፍና ዝቅ ስለሚል ያታልላችኋል።

ቀሪዎቹ

ሩቁ ነገር ሁሉ ከተንቀጠቀጠና ከደበዘዘ ሙቀቱ ነው፤ ሶፍትዌር አያድነውም፣ ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ጨርሱ። በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ ዝቅ ስላለች የራሳችሁ ጥላ ፍሬም ውስጥ መግባቱን ተመልከቱ።

በየፍሬሙ አንድ ቦታ ላይ ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ። ከመገጣጠማችሁ በፊት ነጠብጣቡን ከየፍሬሙ አጽዱት፤ ከገጠመ በኋላ ነጠብጣቡ በፍሬሞቹ ቁጥር ይባዛል። ነፋስ ላይ ሌንስ አትቀይሩ።

ፋይሉ ጄፔግ ሆኖ አልቀመጥም ካለ አንዱ ጎኑ ከ65,535 ፒክሰል አልፏል። ፒኤስቢ አድርጉት፤ ለትልልቅ ፎቶዎች የተሠራ የፎቶሾፕ ፋይል ዓይነት ነው። ሌላው ዓይነት፣ ቲፍም 4 ጊጋባይት ላይ ይቆማል።

ዳሎል ላይ ደግሞ ለትራይፖድ ብላችሁ መሪያችሁ ያልረገጠበት ቦታ አትርገጡ። ቅርፊቱ ቀጭን ነው፣ ከሥሩ ያለው ውኃ አሲድ ነው። ከዚያም ሆነ ከአሳሌ ውኃ የወጣ ትራይፖድ በዚያኑ ማታ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ፣ የእግሩ መቆለፊያም ይፈታና ይድረቅ። በማግስቱ ብትሞክሩት ጨዉ ነክሶት አይከፈትም፤ በፒንሳ የከፈተው ደግሞ አዲስ ይገዛል።