ወገብ ለብቻ፣ እግር ለብቻ፦ የቪኤን ውሳኔ ይግባኝ ለምትሉ

ከቪኤ፣ ማለትም ከአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ የአካል ጉዳት ካሣ ውሳኔ ደብዳቤ ሲመጣ ሁሉም መጀመሪያ የሚፈልገው የጉዳቱን መጠን የሚናገረውን ፐርሰንት ነው። እሱን ተዉትና የውሳኔው ምክንያት የተጻፈበትን ገጽ ግለጡ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ በአሜሪካ ጦር የሕክምና ረዳት ሆኜ አገልግያለሁ። አሁን ቨርጂኒያ ስኖር ወገባቸውን ጦሩ ውስጥ ትተው የወጡ የአገሬ ልጆች ደብዳቤያቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ አብረን እናነባለን።

ቪኤ የሚመዝነው ሦስት ነገር ነው፤ ሕመሙ አለ ወይ፣ ከአገልግሎቱ ጋር ይያያዛል ወይ፣ ምን ያህል ከብዷል። በየትኛው እንደወደቃችሁ ሳታውቁ ይግባኝ መጻፍ ከንቱ ድካም ነው። ግንኙነቱ ተክዶ ከሆነ የኤምአርአይ ክምር ብቻውን አያድናችሁም፤ ኤምአርአይ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ መንሸራተቱን እንጂ በምን ምክንያት እንደተንሸራተተ አይናገርም። ያን የሚናገረው ሐኪም ነው። የወታደርነት የሕክምና መዝገባችሁን አንብቦ፣ ሕመሙ ከአገልግሎቱ የመጣ የመሆኑ ዕድል ቢያንስ እኩል ለእኩል ነው ብሎ፣ ምክንያቱንም ዘርዝሮ ይጻፍላችሁ። ምክንያት የሌለው የአንድ መስመር ደብዳቤ ወረቀት ማባከን ነው።

የተካደው ክብደቱ ከሆነ ነገሩ የዲግሪ ጉዳይ ይሆናል። ወገብ ወደ ፊት ሲታጠፍ ሙሉ ልኩ 90 ዲግሪ ነው። በመታጠፍ ልክ ብቻ ስንሄድ፣ ከ60 በላይ እስከ 85 ድረስ የሚታጠፍ 10 በመቶ ያገኛል፤ ከ30 በላይ እስከ 60 የሚታጠፍ 20፤ 30 ወይም ከዚያ በታች የሆነ 40። ከ40 በላይ ለመሄድ በዚህ ሠንጠረዥ አከርካሪው ደርቆ መቅረት አለበት። የዲስክ ሕመምተኛ ሐኪም አልጋ ላይ እንዲተኛ ባዘዘለት ሳምንታት ብዛት እስከ 60 በመቶ የሚያገኝበት ሌላ ስሌት አለ፤ ነገር ግን ሐኪሞች እንዲህ ያለ ትእዛዝ እምብዛም ስለማይጽፉ ተስፋችሁን እዚያ ላይ አትጣሉ።

ብዙ ሐበሻ የሚሸነፈው ቪኤ ሲያስመረምረው፣ ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ነው። መርማሪው «ዛሬ እንዴት ነህ?» ይላል። የእኛ ሰው ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮም «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። መርማሪው «ደህና ነኝ ብሏል» ብሎ ይጽፋል። ምስጋናው ለቤተ ክርስቲያን ይቆይ። ታጠፍ ስትባሉም ጥርስ ነክሳችሁ ወለሉን ለመንካት አትታገሉ፤ ሕመሙ በጀመረበት ላይ «እዚህ ጋ ጀመረኝ» በሉና ማዕዘኑ በመለኪያ፣ ጎኒዮሜትር በሚባለው፣ መወሰዱን ተመልከቱ። በዓይን ግምት ከሆነ ቤታችሁ እንደገባችሁ ጻፉት፤ ለይግባኙ ይጠቅማል። በሌላ በኩል ማጋነን አያዋጣም። ጫማ ስታወልቁም ትታያላችሁ።

ሕመሙ የሚብስባቸውን ቀናት ሳትጠየቁም ተናገሩ፤ በወር ስንቴ፣ ስንት ሰዓት፣ ምን እንደሚያስቀርባችሁ። በፈረንጆች 2017 የቀድሞ ወታደሮች ይግባኝ ፍርድ ቤት ሻርፕ በተባለው መዝገብ እንደወሰነው፣ መርማሪው «ሲብስበት አላየሁትምና መገመት አልችልም» ብሎ ብቻ ማለፍ አይችልም፤ ከእናንተ አንደበትና ከመዝገቡ ተነሥቶ ለመገመት መሞከር አለበት። ሪፖርቱን ጠይቃችሁ ውሰዱ። ይህ ዓረፍተ ነገር ያለ ማብራሪያ ከተገኘበት ጥሩ የይግባኝ ነጥብ አላችሁ።

አሁን ወደ እግር። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር የነበረ ወታደር «እህቴ፣ ወገቤስ ይቻላል፤ እግሬ ነው እሳት የሚሆነው» ብሎኛል። ማመልከቻው ላይ ግን የጻፈው ወገቡን ብቻ ነበር። ደንቡ ከአከርካሪ የመነጨ የነርቭ ጉዳት ለብቻው እንዲመዘን ያዝዛል። ከወገብ ወደ እግር የሚወርደው ሲያቲክ ነርቭ በደንቡ መለያ ቁጥሩ 8520 ነው፤ ቀላል ሲሆን 10 በመቶ፣ መካከለኛ 20፣ ከመካከለኛ የከፋ 40፣ ጡንቻ እስኪሟሽሽ ከባድ ሲሆን 60፣ ሙሉ በሙሉ ሽባ ሲሆን 80። ምልክቱ መደንዘዝና ማቃጠል ብቻ ከሆነ ከመካከለኛው አያልፍም። ስለዚህ እግራችሁ ከድቷችሁ ደረጃ ላይ ከወደቃችሁ፣ አንዱ ባት ከሌላው ከቀጠነ፣ ሐኪሙ በሜትር ለክቶ ይመዝግበው። የነርቭ ምርመራ፣ ኢኤምጂ፣ ጉዳት ካሳየ ማስረጃ ነው፤ ንጹሕ ቢወጣ ግን የነርቭ ሥር ጉዳት የለም ማለት አይደለምና አትደንግጡ። ድምሩም እንደ ገበያ ሒሳብ አይደለም፤ ለወገብ 40 ለእግር 20 ያለው ሰው 60 አያገኝም። 20ው የሚወሰደው ከቀሪው 60 ላይ ስለሆነ 52 ይሆንና ወደ 50 ይጠጋጋል።

ከየካቲት 2019 በፈረንጆች ወዲህ መንገዱ ሦስት ነው። አዲስ ማስረጃ ያለው በቅጽ 20-0995 ተጨማሪ ማመልከቻ ያስገባል። ማስረጃው በፋይሉ ውስጥ እያለ የታለፈበት፣ ለምሳሌ መርማሪው የእግሩን ድንዛዜ ጽፎ ውሳኔው ያላነሣለት፣ በ20-0996 ከፍ ባለ ገምጋሚ እንዲታይለት ይጠይቃል፤ እዚያ አዲስ ወረቀት አይቀበሉም፣ በስልክ ግን ስሕተቱን ማስረዳት ይቻላል። ሦስተኛው በቅጽ 10182 ወደ ይግባኝ ቦርድ ዳኛ መሄድ ነው። ሰው ሁሉ «ዳኛ ይየኝ» ይላል፤ የእኔ ምክር ማስረጃው ሳይሟላ አትቸኩሉ ነው፤ የቦርዱ ወረፋ ረጅም ነው።

የቤተሰብ ምስክርነት በቅጽ 21-10210 ይገባል። «ባለቤቴ በጣም ይሠቃያል» የሚል ደብዳቤ ፋይዳው ትንሽ ነው። አንዲት ሚስት የጻፈችውን ወድጄዋለሁ፤ በየዓመቱ ስቅለት ይሰግድ የነበረ ሰው ዘንድሮ ግድግዳ ተደግፎ እንደዋለ፣ ካልሲውን የምታለብሰው ትንሿ ልጃቸው እንደሆነች፣ ሌሊት መኪና ወንበር ላይ እንደሚተኛ።

ቅጹን የሚሞሉላችሁ ዕውቅና ያላቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት፣ እንደ ዲኤቪና አሜሪካን ሊጅን ያሉት፣ ገንዘብ አይጠይቁም። ጠበቃ ማስከፈል የሚችለው ከመጀመሪያው ውሳኔ በኋላ ነው፤ ከውዝፉ ክፍያ እስከ 20 በመቶ ቢጠይቅ ተገቢ ተብሎ ይገመታል።

በደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት አላችሁ። በዓመቱ ውስጥ ከሦስቱ አንዱን ካስገባችሁ የመጀመሪያው የማመልከቻ ቀናችሁ ይጠበቃል፤ ስታሸንፉ ውዝፉ ከዚያ ሊቆጠር ይችላል። ቦርዱ ከከለከላችሁና ፍርድ ቤት ለመሄድ ካሰባችሁ ያለው ጊዜ 120 ቀን ብቻ ነው።