ልጃችሁ የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለበት፦ እንግሊዝ ለገቡ የጎጃም ቤተሰቦች

ከደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣ፣ ከቡሬ ወይም ከዳንግላ የመጣ ወላጅ ስለ ልጁ ሲጠየቅ ቶሎ ከአፉ የሚወጣው «ተመስገን፣ ደህና ነው» የሚለው ነው። ገበናን ለማያውቁት ሰው መዘርገፍ እኛ ዘንድ ነውር ነው። እዚህ ግን ጠያቂዋ፣ ነርስም ትሁን የካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ሠራተኛ፣ የሰማችውን እንዳለ ትጽፋለች፤ «እናትየው ልጁ ደህና ነው ብላለች» የሚል አንድ መስመር ደግሞ ድጋፍ ለመከልከል ይበቃል። ምስጋናውን ለፈጣሪ፣ ዝርዝሩን ለጠያቂዋ አድርጉት። ከዚህ በታች ያለው የእንግሊዝ አሠራር ነው፤ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ሕግ አላቸው።

ቀን፣ ስምና ሰዓት

ጥር 11 ቀን 2008 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ጃንዋሪ 20 ቀን 2016 ነው። 2008ን ሳይቀይር የሞላ ሰው ልጁን 8 ዓመት አስረጀው፤ የ10 ዓመቱ ልጅ በወረቀት 18 ይሆንና ከሕፃናት አገልግሎት ውጭ ይቀራል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20 ገደማ ለተወለደ 7፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ዓመት ትደምራላችሁ። በአንዱ ቦታ የአባት፣ በሌላው የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ከተመዘገበ አንዱ ልጅ ሁለት ፋይል ይኖረዋል፤ በፓስፖርቱ ወይም በኢቪዛው (በኢንተርኔት በሚታየው ቪዛ) ላይ ያለውን አጻጻፍ ሁሉም ጋ ተጠቀሙ። ቀጠሮ በአስተርጓሚ ስትቀበሉም «በአበሻ ነው በፈረንጅ?» ብላችሁ አረጋግጡ። ደጋግሞ የቀረ ሰው ከተራ ይሰረዛል፤ እንደገና ከወረፋው መጨረሻ መሰለፍ ነው።

ጂፒ

ጂፒ (የቤተሰብ ሐኪም) ጋ መመዝገብ በነፃ ነው። ፓስፖርት፣ የአድራሻ ማስረጃ ወይም የቪዛ ወረቀት ስለሌላችሁ ብቻ ሊመልሷችሁ አይገባም። ሪሴፕሽን ላይ ቢያንገራግሩ «ወረቀቱ የለኝም፣ መመዝገብ ግን እፈልጋለሁ» በሉ።

መጀመሪያ የመስማትና የማየት ምርመራ ጠይቁ። የማይሰማ ልጅ የማይገባው ይመስላል፤ ይህ ሳይጣራ የሚደረግ የአእምሮ ምዘና ዋጋ የለውም። ቀጥሎ የታይሮይድ የደም ምርመራ። እንቅርት በደጋው ጎጃም አዲስ ነገር አይደለም፤ እናት በእርግዝና ጊዜ አዮዲን ሲያንሳት የልጁ የአእምሮ እድገት ይጎዳል። እዚህ አገር የተወለደ ሕፃን በ5ኛው ቀን ገደማ ከተረከዙ ደም ተወስዶ ታይሮይዱ ይታያል፤ እዚያ የተወለደው ልጃችሁ ይህን ምርመራ ሳያገኝ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የክትባት ካርዱንና ከደብረ ማርቆስ ወይም ከፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የተሰጣችሁ ቁራጭ ወረቀት ካለ ይዛችሁ ሂዱ።

ሐኪሙ በስንት ወሩ ተቀመጠ፣ ቆመ፣ ሄደ፣ የመጀመሪያውን ቃል ተናገረ ብሎ ይጠይቃል። «ዘግይቶ ነው» መልስ አይሆንም። ወሩ ከጠፋባችሁ በበዓል ቁጠሩ፦ በፋሲካ ተወልዶ በሁለተኛው መስቀል ገና ካልሄደ ወደ 17 ወር ሆኖታል ማለት ነው። ምጡ ስንት ሰዓት ፈጀ፣ ሲወለድ ወዲያው አለቀሰ ወይ፣ ትኩሳት ይዞት አንዘፍዝፎት ያውቃል ወይ፤ እነዚህንም አስቀድማችሁ ጻፏቸው።

አስተርጓሚ በኤንኤችኤስ (በመንግሥት የጤና አገልግሎት) በነፃ ነው፤ ቀጠሮ ስትይዙ ግን መጠየቅ አለባችሁ። ከአዊ ለመጡ አገውኛ ከቀለላቸው ያንን ይጠይቁ። ታላቅ እህቱን አታስተርጉሙ፤ የማትችለውን ትዘላለች፣ የሚያሳፍራትን ትለውጣለች። ወሬው አበሻው መሀል እንዳይዞር ከሰጋችሁ በስልክ የሚያስተረጉም ከሌላ ከተማ ይሁንልን ማለት ትችላላችሁ።

ልጁ 14 ዓመት ሲሆነው የአእምሮ እድገት ውስንነት ባላቸው ሰዎች መዝገብ ላይ ስሙ እንዲገባ አድርጉ። በየዓመቱ ከተለመደው ቀጠሮ የሚረዝም ሙሉ ምርመራ የሚደረገው ስሙ እዚያ መዝገብ ላይ ሲኖር ነው።

ትምህርት ቤትና ኢኤችሲፒ

ብዙ ጊዜ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። በየመደበኛው ትምህርት ቤት ሴንኮ የምትባል የልዩ ፍላጎት አስተባባሪ አለች። «እንግሊዝኛ እስኪለምድ እንጠብቅ» ልትላችሁ ትችላለች። እንግሊዝኛ አለመቻል በራሱ የልዩ ፍላጎት ምልክት አይደለም፣ እውነት ነው፤ ችግሩ በአማርኛም እንዳለ ካሳያችሁ ግን ክርክሩ ያበቃል። «ጫማህን አምጣና በሩን ዝጋ» በሉት። ጫማውን አምጥቶ ቆሞ የሚያያችሁ ከሆነ ያንን በስልክ ቅረጹና ከትርጉሙ ጋር ስጧቸው። ታናሽ ወንድሙ የሚችለውንና እሱ የማይችለውን ጎን ለጎን መጻፍም ይረዳል።

ኢኤችሲፒ ልጁ የሚያስፈልገውን ዘርዝሮ፣ የትምህርት ድጋፉን እንዲያቀርብ ካውንስሉን በሕግ የሚያስገድድ እቅድ ነው፤ እስከ 25 ዓመት ሊዘልቅ ይችላል። ትምህርት ቤቱ እስኪጠይቅላችሁ አትጠብቁ። ወላጅ ራሱ ለካውንስሉ በኢሜይል «በ2014 በወጣው የልጆችና ቤተሰቦች ሕግ አንቀጽ 36 መሠረት ልጄ እንዲመዘን እጠይቃለሁ» ብሎ መጻፍ ይችላል። የሐኪም ማረጋገጫ የግድ አይደለም፤ ልጁ ልዩ ፍላጎት ሊኖረው እንደሚችልና በእቅድ የሚሰጥ ድጋፍ ሊያስፈልገው እንደሚችል ማሳየት ይበቃል። በቃል የተጠየቀ ቀን የለውም፤ ኢሜይል ግን ቀኑን ይዞ ይኖራል። ካውንስሉ ይመዝን አይመዝን በ6 ሳምንት ውስጥ መመለስ፣ እቅድ የሚሰጥ ከሆነም ጥያቄው በደረሰው በ20 ሳምንት ውስጥ ማጠናቀቅ አለበት። ካውንስሎች ሲያሳልፉት ይታያል፤ ያለፈውን ቀን ጠቅሳችሁ በጽሑፍ አቤት በሉ።

ረቂቁ ሲደርሳችሁ አስተያየት ለመስጠት ቢያንስ 15 ቀን አላችሁ። ክፍል ኤፍን በእስክሪብቶ እያሰመራችሁ አንብቡት፤ የሚሰጠው ድጋፍ የተጻፈው እዚያ ነው። «የንግግር ሕክምና እንደ አስፈላጊነቱ ያገኛል» የሚል ካያችሁ አትቀበሉ፤ እንዲህ ያለውን ማንም ሊያስፈጽመው አይችልም። «በየሳምንቱ 30 ደቂቃ፣ ለብቻው፣ በንግግር ቴራፒስት» ሲሆን ግን ሳይሰጥ ቢቀር መጠየቅ ይቻላል። ክፍል ቢ ላይ የተዘረዘረ እያንዳንዱ ችግር ክፍል ኤፍ ላይ መልስ እንዳለው አንድ በአንድ አመሳክሩ። ትምህርት ቤቱ የሚሰየመው በክፍል አይ ነው።

ከከለከሏችሁ ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ጀምሮ 2 ወር ውስጥ፣ ወይም የሽምግልና (ከካውንስሉ ጋር በገለልተኛ ሰው በኩል የመነጋገር) ሰርተፍኬት ከወጣ በኋላ 1 ወር ውስጥ፣ ከሁለቱ በሚዘገየው፣ ለትሪቡናል (ይግባኝ ሰሚ ችሎት) ይግባኝ ይባላል። ክፍያ የለውም፣ ጠበቃም የግድ አይደለም። በየካውንስሉ ሴንዲያስ የሚባል ነፃ የወላጆች ምክር አገልግሎት አለ፤ ፎርሙን አብረዋችሁ ያያሉ።

ገንዘብ

ጉዳት ላለበት ሰው የሚከፈል የመንግሥት አበል አለ፤ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ዲኤልኤ፣ ከዚያ በላይ ፒፕ ይባላል። ሁለቱም የወላጅን ገቢ አያዩም። ዲኤልኤ ለማግኘት ችግሩ ቢያንስ ለ3 ወር የቆየና ለሌላ 6 ወር ይቀጥላል የሚባል መሆን አለበት። ፎርሙን በስልክ አስልኩ፤ በ6 ሳምንት ውስጥ ከመለሳችሁት ክፍያው ከደወላችሁበት ቀን ይታሰባል። ፎርሙ የሚጠይቀው ከእድሜ እኩዮቹ በላይ ምን ያህል እርዳታ እንደሚፈልግ ነው። ስለዚህ «ሌሊት ይነሳል» ከማለት «ሌሊት 3 ጊዜ ይነሳል፣ በየጊዜው 20 ደቂቃ አብሬው እቀመጣለሁ፣ ካልተነሳሁ በሩን ከፍቶ ይወጣል» ብላችሁ ጻፉ። ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ በደብተር መመዝገብ ይበቃል።

ቪዛችሁ ላይ የሕዝብ ገንዘብ መጠቀም አይፈቀድም የሚል ካለ (ለሥራና ለተማሪ ቪዛ የተለመደ ነው) ዲኤልኤ፣ ፒፕና የአስታማሚ አበል መጠየቅ ቪዛውን ሊያበላሽ ይችላል፤ አስቀድማችሁ የኢሚግሬሽን አማካሪ ጠይቁ። ኢኤችሲፒ፣ ትምህርት ቤት፣ ጂፒና የካውንስሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ግን እዚያ ውስጥ አይቆጠሩም። ቪዛዬ አይፈቅድም ብሎ ልጁን ሳያስመዝን የሚቀመጥ ወላጅ በከንቱ ይጎዳል። ስደተኝነታቸው የጸደቀላቸው ደግሞ ለዲኤልኤና ለፒፕ ሌላው ሰው የሚጠበቅበትን የቆይታ ጊዜ አይጠብቁም።

16 እና 18 ዓመት

ከ16 ጀምሮ በ2005 የወጣው የአእምሮ ብቃት ሕግ ይሠራል። ሰውየው ራሱ መወሰን እንደሚችል ተቆጥሮ ነው የሚጀመረው፤ 18 ሲሞላው አባት «እኔ ልፈርምለት» ቢል ፊርማው አይሠራም። የቤኔፊቱን (የመንግሥት አበሉን) ገንዘብ ራሱ ማስተዳደር ካልቻለ ከ16 ጀምሮ ወላጅ በተወካይነት እንዲሾም ማመልከት ይችላል።

«እኛ ስናልፍ የሚያስታምመው ይኑር» ተብሎ የሚታሰብ ጋብቻ እዚህ ወንጀል ሊሆን ይችላል። በፈቃዱ ለማግባት የአእምሮ ብቃት የሌለውን ሰው መዳር፣ ማንም ባያስገድደው እንኳ፣ በግዳጅ ጋብቻ ሕግ ያስከስሳል። የነገውን ለማሰብ ሌላ መንገድ አለ፤ 18 ከመሙላቱ በፊት ለካውንስሉ ጽፋችሁ የአዋቂ ፍላጎት ምዘና ጠይቁ። ምዘናው ነፃ ነው። መዛኟ ቤት መጥታ «ሻይ ያፈላል?» ብትል «አዎ» ብላችሁ አትለፉት። ውኃውን ማን ይለካል፣ ምድጃውን ማን ያጠፋል፣ ካልነገራችሁት ይጀምራል ወይ፤ ይህን ንገሯት፤ ልጁ እያፈላ ብታይ ደግሞ የተሻለ ነው። ካውንስሉ የሚሰጠው ዳይሬክት ፔይመንት ረዳት መቅጠሪያ ገንዘብ ነው፤ አብሮ ለሚኖር የቅርብ ዘመድ ለመክፈል ካውንስሉ በተለየ ሁኔታ መፍቀድ አለበት።

ሥራ ስትሄዱ ልጁን ቆልፎ ወይም አስሮ መሄድ፣ ለራሱ ደኅንነት ቢሆንም፣ የሕፃናት ጥበቃ ጉዳይ ይሆናል። ሾርት ብሬክ የሚባል የወላጅ እረፍት አገልግሎት በካውንስሉ አለ፤ «ካልተጠበቀ ይጠፋል፣ ማታ አንተኛም» ብላችሁ ጠይቁ። ጠበል መውሰድን የሚከለክላችሁ የለም፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን በጠበሉ ሳምንት ወይም በጾም ማቋረጥ ግን ከበፊቱ የከፋ መንዘፍዘፍ ሊያመጣ ይችላል። የጾሙን ሰዓት ለሐኪሙ ንገሩት፤ የመድኃኒቱን ሰዓት ማስተካከል ይቻል እንደሆነ ያያል።