ከቁም ሳጥኑ ጀርባ
ነሐሴ ላይ ጋቢዬን ከቁም ሳጥን ሳወጣው ሻጋታ ሻጋታ ሸተተኝ። ሳጥኑን ከግድግዳው ሳላቅቀው ጀርባው በጥቁር ነጠብጣብ ተሞልቷል። ጣሪያው አያፈስም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነች፤ ብርዱን ፈርተን መስኮት ዘግተን፣ ልብስ ቤት ውስጥ እያሰጣን ነው የከረምነው። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ይሆናል።

የእርጥበት መለኪያ ተውሼ ባየው 81 በመቶ! ከ60 በታች ነው ደጉ።

ግድግዳውን ውሃ በተቀላቀለበት በረኪና ጠረግሁ፤ ጓንት አጥልቄ፣ መስኮት ከፍቼ። ሳጥኑን አንድ ስንዝር አራቅሁት። ልብሱ በረንዳ ወጣ። ጠዋት ጠዋት ትይዩ መስኮቶቹን ለ10 ደቂቃ ወለል አደርጋለሁ። እናቴ «ብርድ አስገባህብን» እያለች ስትቆጣ ሰነበተች። መለኪያው አሁን 58 ያሳያል፤ ጋቢውም ሽታው ለቆታል።