ኮርኒሱ ላይ ቡናማ እድፍ ካያችሁ

ክረምት ላይ ኮርኒሱ ካፈሰሰ ቀለም ለመቀባት አትቸኩሉ። መጀመሪያ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ። ውሃ አቁሮ ካበጠ፣ ከስር ባልዲ አድርጋችሁ፣ እናንተ ግን ጎን ቆማችሁ በምስማር ብሱት፤ አለበለዚያ ክብደቱ ኮርኒሱን ይዞት ይወርዳል።

ቀዳዳውን ከእድፉ ትይዩ ብቻ አትፈልጉ። ውሃው በእንጨቱ ላይ ተንሸራቶ ራቅ ብሎ ነው የሚንጠባጠበው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ መነሻው የቆርቆሮው ምስማር ጎማ አርጅቶ መሰንጠቁ ነው።

በጋም የማይደርቅ ከሆነ ቧንቧ ጠርጥሩ። ሮቶው ይሙላ፣ ቧንቧውን ሁሉ ዝጉ፣ ከዚያ የውሃ ቆጣሪውን እዩት፤ ከዞረ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው።

የራሰ ምንጣፍና ፍራሽ በ48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሊሻግት ይችላል፣ በተለይ ሕፃናት ካሉ እባካችሁ ፀሐይ ብልጭ ስትል አውጡት።