ማሽላው ሲጠወልግ፣ ገብሱ ሲቀጭጭ፦ ችግሩን ከሥሩ ፈልጉት

ሰብል ሲከሳ አብዛኞቻችን ዝናቡን ወይም ማዳበሪያውን እንወቅሳለን፤ ሥሩን ቆፍሮ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። የእህል ሥር ውኃ ከመሳብ ባሻገር አሲድ፣ ስኳርና ሌሎች ንጥረ ነገሮችን ወደ አፈሩ ያመነጫል። ምን እንደሚያመነጭና ምን ያህል እንደሚያመነጭ ደግሞ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። በአንድ ማሳ ላይ አንዱ ዝርያ ሲጠፋ ሌላው የሚቆመው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ለመመርመር ተክሉን አትንቀሉት፤ ቀጫጭኑ ሥር ተበጥሶ አፈር ውስጥ ይቀራል። በአካፋ ከነአፈሩ አውጡና ቀስ ብላችሁ አራግፉት።

ማሽላው አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ከጠወለገ

አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም ጠርጥሩ። ሐምራዊ አበባው ከመሬት በላይ ከመታየቱ በፊት ከማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ ምግቡንና ውኃውን ሲመጥጥ ስለሚቆይ፣ ጉዳቱ በአብዛኛው አስቀድሞ ደርሷል። በቆፈራችሁት ሥር ላይ ነጣ ያሉ ትንንሽ ቡቃያዎች ተጣብቀው ካያችሁ ጥርጣሬው እውነት ነው።

አንድ አቀንጭራ እንደ ትቢያ የደቀቁ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዘሮችን ያፈራል፤ ዘሩም ከ10 ዓመት በላይ አፈር ውስጥ ተኝቶ መቆየት ይችላል። የሚቀሰቅሰው ራሱ የማሽላው ሥር ነው። ማሽላ ፎስፈረስ ሲያጥረው ይህን ንጥረ ነገር የሚያቀርቡለትን ጠቃሚ ፈንገሶች ለመጥራት ስትሪጎላክቶን የተባለ ቅመም ያመነጫል፤ አቀንጭራም ያንኑ ጥሪ ተከትሎ ይበቅላል። በተራቆተ መሬት ላይ ችግሩ የሚከፋውም ለዚህ ነው።

መፍትሄው ከዝርያ ይጀምራል። እንደ ጎብዬና አብሽር ያሉት የማሽላ ዝርያዎች ቀስቃሹን ቅመም በጣም በጥቂቱ ስለሚያመነጩ የአቀንጭራው ዘር በብዛት አይነቃም። ኢትዮጵያ ተወልደው ያደጉት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ አቀንጭራንና ድርቅን በሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች ሥራቸው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። ይሁን እንጂ ዘር መለወጥ ብቻውን አይበቃም፤ ኮምፖስትና ማዳበሪያ ጨምሩ፣ እርጥበት የሚይዝ ቦይ አውጡ። ማሽላውን ከአኩሪ አተር ወይም ከለውዝ ጋር አፈራርቁ፤ የእነዚህ ሥር የአቀንጭራውን ዘር ይቀሰቅሰዋል፣ ነገር ግን የሚጣበቅበት ስለማያገኝ ይሞታል። ያመለጠውን ሳያብብ ንቀሉ። ዘር ካፈራ በኋላ ነቅሎ ማሳ ዳር መጣል ለሚቀጥለው ዓመት መዝራት ነው።

ገብሱ ወይም ስንዴው አጥሮ ሥሩ ከደነደነ

ሥሩ አጭርና ወፍራም፣ ጫፉ የጠቆረ፣ ቅርንጫፍ የሌለው ከሆነ አፈራችሁ አሲዳማ ሳይሆን አይቀርም። በአዊና በምዕራብ ወለጋ ይህ የታወቀ ችግር ነው። ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይጎዳል። አንዳንድ የስንዴ ዝርያዎች ከሥራቸው ጫፍ ማሊክ አሲድ እያመነጩ አሉሚኒየሙን ያስሩታል፤ ገብስ ግን በአብዛኛው ለዚህ ችግር በጣም ስስ ነው።

አፈሩን አስመርምሩና በውጤቱ መጠን ኖራ በትኑ። ኖራ ላይ ላዩን ቢቀር ወደ ታች አይወርድም፤ ከመዝራታችሁ ሳምንታት አስቀድማችሁ በእርሻ ከአፈሩ ጋር ማዋሃድ የግድ ነው። ኖራ እስኪገኝ አጃ ወይም አሲድ የሚቋቋም ስንዴ መዝራት ይቻላል። እንደ እኔ እምነት ግን ይህ ጊዜ መግዣ ነው፤ ዩሪያ በተጨመረ፣ ገለባም በታጨደ ቁጥር አሲዱ እየባሰ ይሄዳል።

ቅጠሉ ከገረጣ

የትኛው ቅጠል እንደሆነ ተመልከቱ። ለጋው ቅጠል ደም ሥሩ አረንጓዴ እንደሆነ መካከሉ ቢጫ ከሆነ፣ የጎደለው ብረት ነው፤ ይህ እጥረት ኖራ በበዛበት አፈር ማሽላን ያጠቃል። ገብስና ስንዴ ብረትን የሚያሟሟ ቅመም ከማሽላ አብልጠው ስለሚያመነጩ በዚያ መሬት ይሻላሉ። ማሽላውን ግን የብረት ሰልፌት ቅጠሉ ላይ መርጨት ይረዳዋል።

ከማሽላ በኋላ የተዘራ ሰብል ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ከገረጣ፣ የማሽላውን ሥርና ከአጨዳ የቀረ አገዳ የሚያበሰብሱ ረቂቅ ሕዋሳት ናይትሮጅኑን ይዘውበታል። ቀድማችሁ አርሳችሁ እንዲበሰብስ ጊዜ ስጡት፤ ካልሆነም በመካከል ማሾ ወይም ሽንብራ ዝሩበት።